ቀፎ የሌለበት ፎቶግራፍ

ሌንሴ የምትባል ልጅ አለች፣ እዚህ መቱ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ። ባለፈው ሳምንት በባጃጅ ደጄ ድረስ መጥታ፣ የቀረበላትን ሻይ እንኳ ሳትቀምስ፣ «እትዬ አስካለ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አለችኝ። እኔ እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው አላምንም። «ማን ላከሽ?» አልኋት። ሣቀች። ማንም አልላካትም። እሷና ጓደኞቿ የንባብ ክበብ አቋቁመዋል፤ ረጃጅም የጋዜጣ ዘገባ፣ የሕይወት ታሪክ፣ አንድ ሰው ብዙ ደክሞ የመረመረውን ጉዳይ እያነበቡ ይከራከራሉ። አሁን ደግሞ የከተማውን ትልልቅ ሰዎች እየዞሩ፣ አንብባችሁት ከልባችሁ ያልወጣ ጽሑፍ የትኛው ነው፣ እኛስ ምን ብናነብ ይሻላል እያሉ ይጠይቃሉ። «መቱ ውስጥ ከእርስዎ በፊት ጋዜጣ ያነበበች ሴት የለችም ይባላል» ብላ ጨመረችልኝ። ሽንገላ መሆኑን አውቄያለሁ፤ ቢሆንም ሻይዋ ላይ ስኳር ጨመርሁላት።

የያዘችውን ዝርዝር አነበበችልኝ። የአንድ የቀድሞ ባለሥልጣን የሕይወት ታሪክ ነበረበት። አንብቤዋለሁ። «ይሄ ሰውዬ እኮ በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተም» አልኋት። «መግቢያው ላይ ሚስቱን ያመሰግናል፤ ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ የት እንደገባች እንጃ። ተይው።» የአንድ ጡረተኛ ሹፌር ማስታወሻም ነበረበት። እሱን ያዢው አልኋት፤ መኪናውን ገደል የከተተው ሰክሮ እንደነበር ራሱ ጽፏልና። ስለ ድርቅ የተጻፈ አንድ ረጅም ዘገባ ላይ ስትደርስ፣ «ጋዜጠኛው እዚያ አገር የደረሰው በማን መኪና ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ግራ ገባት። «እሱ ምን ያደርጋል እትዬ?» አለች። ምን እንደሚያደርግ በአንድ ብርጭቆ ሻይ የሚነገር አልነበረምና «ሻይሽን ጠጪ» አልኋት።

ልትሄድ ስትነሣ ነው ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት ያወጣችው። አዲስ አበባ ካለ መዝገብ ቤት አስፈልጋ ያስቀዳችው የጥንት ጋዜጣ ነው። «ስለ እኛው አገር ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነው። አጻጻፉ ልብ ይሰርቃል። እስቲ አይተው ይንገሩኝ፣ ዝርዝራችን ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ?» መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ጽሑፉን ማንበብ አላስፈለገኝም፤ ፎቶግራፉ በቃኝ። የአጎቴ የኤሱማ ቶላ ደን ነው። «እዚሁ ተይልኝና ሰሞኑን ተመለሺ» ብዬ ሸኘኋት። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ባልሁበት ሁሉ ሐሳቤ የዱሮው መቱና የእናቴ አገር ያዮ ሆኗል።

ያኔ መቱ እንዲህ አልነበረችም። የጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ጎሬ ነበር፤ ገዢው ጎሬ፣ ዳኛው ጎሬ፣ ማኅተሙ ጎሬ። እኛ ገበያችንንና ጭቃችንን ይዘን ተቀምጠናል። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ንጉሡ የከፈቱት ትምህርት ቤት ውስጥ እኔ አዲስ መምህርት ነበርሁ። ደመወዝ ሲወጣ መጀመሪያ የምሄደው ጥጉ ላይ ወዳለው የዓረቡ የሳሌህ ሱቅ ነው። አበባ ያለበት ሻሽ፣ ሲያሻኝ ደግሞ አንድ ጣቃ ፖፕሊን እገዛለሁ። ሰፊው እዚያው በረንዳ ላይ የእግር መኪናውን ይዞ ይቀመጥ ነበርና፣ ወገቡ ጠበብ፣ ታቹ ነፋ ያለ ቀሚስ አድርጎ ይሰፋልኛል፤ አሁን ያንን ወገቤን የት እንዳደረግሁት እግዜር ይወቅ። ወንዶቹ ቦላሌ ሱሪ ለብሰው፣ ጫማቸው እንዳይበላሽ ዝናቡ እስኪያባራ ከሱቁ ታዛ ሥር ይደረደራሉ። ከዳሪሙ ገጠር እህል ተሸክመው በእግራቸው የሚመጡት ግን በረባሷቸውን በእጃቸው ይዘው በጭቃው ላይ ያልፋሉ። ሻይ አሥር ሳንቲም ነበር፣ ብርጭቆው ትንሽ ስኳሩ ብዙ። ሻይ ቤቱ ውስጥ አንድ ሸክላ ማጫወቻ ነበረች፤ መርፌዋ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ትዘልና ዘፋኙ «ናፍቄ፣ ናፍቄ፣ ናፍቄ» እያለ ሰው ተነሥቶ እስኪያነሣው ይናፍቃል። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ የስልክ ካርድ ይሸጣል፤ ባለፍሁ ቁጥር ግን ጆሮዬ ያንን ይፈልጋል።

ጋዜጣ ወደ እኛ የሚመጣው ኤንትሬ በሚሉት የጭነት መኪና ነበር። ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የወጣው መኪና ጨውና ላምባ፣ አቡጀዲና ስኳር ይዞ ሲመለስ ከሹፌሩ ወንበር ሥር ያረጁ ጋዜጦች አይጠፉም። ሳሌህ በርካሽ ይገዛቸውና ለስኳር መጠቅለያ ያደርጋቸዋል። እኔ ደግሞ እንዲጠቀልልባቸው ከመፍቀዴ በፊት ባንኮኒው ላይ ተደፍቼ አነብባለሁ። አንዳንዴ አንድ ደስ የሚል ረጅም ጽሑፍ ጀምሬ መጨረሻው ላይ «ይቀጥላል» ይለኛል። ቀጣዩ ቁጥር የማን ስኳር ይዞ እንደሄደ ሳሌህን እጠይቅና፣ ሰው ቤት ድረስ ሄጄ፣ «እባካችሁ ስኳሩን በብርጭቆ አድርጋችሁ ወረቀቱን ስጡኝ» እላለሁ። እብድ ነች ብለውኛል። የሌንሴ ክበብ ልጆች በስልካቸው ሁሉን ያገኛሉ፤ እኔ ግን ያነበብሁትን ሁሉ ለምኜ ነው ያነበብሁት።

ኤሱማ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ማለት ነው። አባቴ ከሸዋ የመጣ የጽሕፈት ሰው ነበር፤ እናቴ ግን የያዮ ልጅ ናት፤ ኤሱማ ቶላ ታላቅ ወንድሟ ናቸው። ገባ ከሚባለው ወንዝ ወዲህ ያለው ደን ውስጥ የአባታቸውና የአያታቸው የሆነ ቡና ነበራቸው። የደን ቡና የጓሮ ቡና አይደለም። ማንም ሳይተክለው ከትልልቁ ዛፍ ሥር በራሱ ይበቅላል፤ ሰው የሚያደርግለት በየዓመቱ ሥሩን መመንጠርና ሲቀላ መልቀም ነው። አጥር የለውም። ድንበሩ የሚታወቀው በቀፎ ነው፤ ከዛፉ ላይ ቀፎ ተሰቅሎ ካየህ፣ ያ ዛፍ ባለቤት አለው፣ ከሥሩ ያለው ቡናም ተይዟል ማለት ነውና አትነካውም። ኤሱማ ያንን ሁሉ ቀፎ በሐረግ ጠፍረው፣ በዚያ ዕድሜያቸው እላይ ወጥተው የሰቀሉት ራሳቸው ናቸው። ሲወርዱ ልብሳቸው ማርና ጭስ ጭስ ይሸታል። እኔ በለቀማ ወራት ትምህርት በማይኖርበት ቀን እሄድና ቡና እየለቀምሁ ውዬ፣ ጣቶቼ ጠቁረው ወደ መቱ እመለሳለሁ። ባለ ጠመኔ እጄን ያየ ተማሪ ሁሉ ይሥቅብኝ ነበር።

አንድ ነገር ካልነገርኋችሁ ግን የመጣው መዘዝ አይገባችሁም። በዚያ ዘመን መንግሥት መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ብሎ በሦስት ይከፍለዋል፤ ለሙ ብዙ ይገብራል፣ ጠፉ ትንሽ። ስለዚህ ቃላድ ይዞ መሬት የሚለካ ሰው መጣ ሲባል፣ አገሬው የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። «ጠፍ ነው ጌታዬ። የማንም አይደለም፣ የአውሬ ነው።» ለኪው ከመድረሱ በፊት ቀፎው ይወርዳል፣ የተሰጣው ቡና ወደ ጎተራ ይገባል። ለኪው ደግሞ እየዋሹት እንደሆነ ያውቃል። ቀና ብሎ ደኑን ያያል፣ በጉንና ማሩን ይቀበላል፣ ከለምና ከጠፍ መካከል ያለውን ይጽፋል፣ ተመራርቀው ይለያያሉ። ውሸት ብሎ የሚጠራው አልነበረም። እንደ ሰላምታ ነው፤ ደኅና ነዎት ሲሉት ደኅና ነኝ እንደሚባለው። የሚጎዳው ሰላምታውን የማያውቅ ሰው ሲመጣ ነው።

ሰውዬው መቱ የደረሰው ቡና በሚለቀምበት ወራት ነው። ኪሱ የበዛ ካኪ ለብሷል፣ ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ ፀጉሩን ወደ ኋላ አበጥሮ ቅባት ቀብቶታል። ይህ ሁሉ ምንም አይደል። ትከሻው ላይ ግን በሸራ የተጠቀለለ ባለ ሦስት እግር ብረት ነበረው። በእኛ አገር ባለ ሦስት እግር ብረት ተሸክሞ የሚዞር አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፣ መሬት ለኪ። ሻይ ቤት ገብቶ «ጋዜጠኛ ነኝ፤ ስለ ደን ቡናችሁ ልጽፍ ነው የመጣሁት» ቢል ማን ይመነው። አንዱ መሬት ለኪ ነው አለ። አንዱ ከላይ የተላከ ጆሮ ነው አለ። ሳሌህ ደግሞ ሚዛኑን ጠራርጎ፣ «ጋዜጠኛ ነኝ የሚል የግብር ሰው ነው» ብሎ ደመደመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ቡና የተጠየቀ ሰው ሁሉ ቡና ጠጥቶ አያውቅም።

እኔ ልፈትነው ፈለግሁ። «ጋዜጠኛ ከሆኑ ምን ጽፈዋል?» አልሁት። ስለ ጨው ነጋዴዎች የጻፈውን ነገረኝ። ልቤ ደነገጠ፤ ያንን ጽሑፍ አውቀዋለሁ፣ ግማሹን። ነጋዴው በቅሎው በረሃ ላይ ሞታበት ጨውን በራሱ ተሸክሞ ሲነሣ «ይቀጥላል» ብሎኝ ቀርቷል፤ የቀረው ከአንዲት ሴትዮ ስኳር ጋር ሄዶ እሳት ማቀጣጠያ ሆኗል። ይህን ስነግረው ሣቀና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የቀረውን በቃሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ እኔ ብቻ የምሰማው ታሪክ ይመስል ነገረኝ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አልጠጣውም። እንዴት ደስ አለኝ። ሳሌህን ሄጄ ልቆጣው ሁሉ ተነሥቼ ነበር። «ያዮ በምን ይሄዳሉ?» አልሁት እንዲያው ለወግ። «ፊታውራሪ ጂፓቸውን ከነሹፌሩ ሰጥተውኛል። እንግዳ አክባሪ ናቸው።» ደስታዬ እዚያው ላይ ቀረ።

የፊታውራሪን ስም አልጠራም፤ የልጅ ልጆቻቸው እዚሁ አሉ፣ ጨዋ ልጆች ናቸው። በአካባቢው ጂፕ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ዓይናቸው ገባ ወንዝ ዳር ያለው ደን ላይ ካረፈ መቆየቱን ደግሞ የማያውቅ አልነበረም። ታዲያ ያ ሁሉ ደግነት ከየት መጣ ብዬ ብጠረጥር ክፉ ነኝ?

በማግስቱ በጭነት መኪና ያዮ ቀድሜ ደረስሁ። ወሬው ግን ከእኔም ቀድሟል። ባለ ሦስት እግሩ ሰው እየመጣ ነው ተብሎ ኤሱማ ከጎረቤት ጋር እየተሯሯጡ ቀፎዎቹን ሲያወርዱ ነው የደረስሁት። ቡናው ገብቷል፣ ሰሌኑ ተጠቅልሏል። ጂፑ ሲሰማ እኛ ሴቶቹ ወደ ቤት ገባን። ደኑ ውስጥ የተባባሉትን ከሰዓት በኋላ ኤሱማ ራሳቸው ቆመው፣ አንዴ እሱን አንዴ ራሳቸውን እየሆኑ አሳዩን።

«አባቴ፣ ይህ ደን የማን ነው?»

«ጠፍ ነው ጌታዬ። የማንም አይደለም፣ የአውሬ ነው።»

«ይህን ሁሉ ቡና ማን ይለቅመዋል?»

«ዝንጀሮ።»

«እርስዎስ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«እኔ መንገደኛ ነኝ። ላሜ ጠፍታብኝ ነው።»

ይህን ሲሉ እጃቸው በቡና ጭማቂ እስከ ክርናቸው ጠቁሮ ነበር። ሰውዬው ሁሉን እየጻፈ፣ እያመሰገነ፣ ብረቱን ተክሎ ካሜራውን ወደ ደኑ አነጣጠረ። «እኔንም እንዳይለካኝ ከዛፉ ኋላ ዞር አልሁ» ብለው ኤሱማ ሣቁ። የተዘጋጀውን በግ አልተቀበለም። ይህን የሰማች የኤሱማ ሚስት ብቻ አልሣቀችም። «በግ የማይቀበል መሬት ለኪ ምን ዓይነት ነው?» አለች።

ጽሑፉ በልግ ላይ ወጣ። ሳሌህ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ቆሜ አነበብሁት። እውነቱን ልናገር፣ እንዲያ ያለ ጽሑፍ ከዚያ በፊት አላነበብሁም፣ ከዚያ በኋላም ጥቂት ነው። ደኑ ውስጥ ስትገባ የሚቀዘቅዝህን አንገትህን፣ የጉሬዛውን ድምፅ፣ ቅጠሉ ላይ ያለውን የጠዋት ውሃ ሁሉ ጽፎታል። እኔ እዚያ አድጌ ያላየሁትን አይቷል። ወረቀቱን ከስኳር አድኜ ለኤሱማ ወሰድሁላቸው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ እኔ በአማርኛ እያነበብሁ በኦሮምኛ እየመለስሁ፣ «አንድ ላም የጠፋባቸው መንገደኛ ሽማግሌ» የሚለው ላይ ስንደርስ ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። ኤሱማ እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ፣ «ላሟ ትገኝ አትገኝ አልጻፈም?» አሉ። እኔ ግን ፎቶግራፉን እያየሁ ነበር። ከሥሩ «የሰው እጅ ያልነካው የያዮ ደን» ይላል። «ኤሱማ፣ ይሄ ነገር ደስ አላለኝም» አልኋቸው። «አንቺን ምን ደስ ብሎሽ ያውቃል?» አሉኝ።

ክረምት አልፎ እውነተኞቹ ለኪዎች ከጎሬ መጡ። ጠፍ ነው ሲሏቸው ቀና ብለው ደኑን አላዩም፣ በግ አልተቀበሉም፣ ማር አልቀመሱም። «እናውቃለን፣ ጠፍ ነው» አሉና ቃላዳቸውን ጣሉ። ኤሱማ ያኔ ነው የፈሩት። ሮጠው ቀፎዎቹን መልሰው ቢሰቅሉ፣ ይሄ ትናንት የተሰቀለ ነው ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ባለቤት የሌለው የመንግሥት መሬት ነው ተብሎ ደኑ ለፊታውራሪ ተሰጠ።

ኤሱማ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ እኔ አበባ ያለበት ሻሼን አስሬ ጎሬ ወጣን። አቤት ባዩ የድንጋዩን ደረጃ ሞልቶት ነበር። ተራችን ደርሶ ስንገባ ሹሙ ሰውዬ አልተቆጡም፤ እንዲያውም አዝነው ነው የተናገሩት። ከፋይሉ ውስጥ ያቺኑ ጋዜጣ አወጡ። «አባባ፣ ይኸው ፎቶግራፉ። እስቲ አንድ ቀፎ ያሳዩኝ።» ኤሱማ ጎንበስ ብለው አዩ። ያወረዱት ራሳቸው ናቸው። «እዚህ የተጻፈው መንገደኛ ማን ነው?» «እኔ ነኝ ጌታዬ።» «መንገደኛ ነኝ ካሉ ታዲያ ምን ደን አለዎት?» ኤሱማ ወደ እኔ አዩ፣ ከዚያ ወደ ሹሙ፣ «እኔ እኮ ያልሁት ለመሬት ለኪ ነው፤ ለጋዜጣ መሆኑን መች አወቅሁ» አሉ። ግድግዳው ሥር የተቀመጡት ጸሐፊዎች ሣቁ። እኔ ያን ሣቅ ዛሬም አልረሳሁትም፣ ለማንም ይቅር አላልሁትም።

ኤሱማ በአያታቸው ደን ላይ ጢሰኛ ሆኑ። የሚለቅሙትን ለፊታውራሪ ያካፍላሉ፤ ፊታውራሪ ካልፈቀዱ ዛፍ ላይ መውጣት የለም። እኔ ለጋዜጠኛው የሆነውን ሁሉ ጽፌ ላክሁለት። ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። በተከታዩ የለቀማ ወራት ትምህርት ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ከስቷል፣ ፀጉሩም ቅባት የለውም። «ሽማግሌው ራሳቸው እውነቱን ይንገሩኝ እንጂ እጽፈዋለሁ። ከሥራዬ ቢያባርሩኝም እጽፈዋለሁ» አለኝ። አመንሁት። ከልቤ አመንሁት። መንገዱ ግን በዝናብ ተበላሽቶ የጭነት መኪናዎቹ ቆመዋል። እኔ ሰማዩ ይጥራ ብዬ ስጠብቅ፣ እሱ ከሰዓት በኋላ ደስ ብሎት መጣ። «መኪና አገኘሁ» አለኝ። ጂፑ ነው። ያው ሹፌር ነው። «በዚህ እንሄዳለን እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሌላ መኪና የት አለ?» አለኝ። እውነቱን ነበር፣ ሌላ መኪና አልነበረም። ብቻውን ከሚሄድ ብዬ ከኋላ ገባሁ፤ መንገዱን ሙሉ የሹፌሩን ማጅራት እያየሁ ሄድሁ።

ኤሱማ ከደኑ ዳር ቅርጫታቸውን እንደያዙ ቆመው ጠበቁን። እኔን ሲያዩ ፊታቸው ሊፈታ ነበር፤ የመጣሁበትን ሲያዩ ተዘጋ። ሹፌሩ ሞተሩን አላጠፋም።

«አባቴ፣ ባለፈው የጻፍሁት ጎድቶዎታል» አለ ጋዜጠኛው። «አሁን የመጣሁት ላስተካክለው ነው። ይንገሩኝ፣ ይህ ደን የማን ነው?»

ኤሱማ ጂፑን አዩ። በኦሮምኛ፣ «ኤሱማ፣ ይንገሩት። ይጽፈዋል» አልኋቸው።

«ጨል ጄዺ» አሉኝ። ዝም በይ ማለታቸው ነው። በሕይወቴ እንዲያ ተናግረውኝ አያውቁም። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞሩና ቅርጫታቸውን መሬት አስቀምጠው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የፊታውራሪ ነው ጌታዬ። ዱሮም የእሳቸው ነው» አሉ።

ሌላ ምን ይበሉ? እውነቱን ቢናገሩ ያቺ ቅርጫትም ትቀራለች። ጋዜጠኛው እርሳሱን ኪሱ ከተተና በዚያው ጂፕ ተመለሰ። እኔ አብሬው አልሄድሁም። ስለዚህ ጉዳይ አንድ መስመር ጽፎ አላየሁም። ፊታውራሪ የላኩት ሰው ነበር? ወይስ እንዲያው የዋህ፣ በየሄደበት የሰጡትን መኪና የሚሳፈር? አንዳንድ ቀን ሻዩ እየቀዘቀዘ የጨው ነጋዴውን ታሪክ የነገረኝ ትዝ ይለኝና ይቅር እለዋለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጂፑ ትዝ ይለኛል። በኋላ ዘመኑ ተገለባበጠ፣ መሬቱም ከፊታውራሪ እጅ ወጣ፤ ኤሱማ ግን ያንን ለማየት አልደረሱም። አስከሬናቸው ሲወጣ ሚስታቸው አልቅሳ ስትጨርስ፣ «ላሙን ሲፈልግ ሄደ» አለች።

ሌንሴ ትናንት ተመለሰች። ባጃጅ አጥታ በእግሯ ስለመጣች ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነው። ጽሑፉ ዝርዝርሽ ውስጥ አይገባም፣ ምክንያቱን አትጠይቂኝ፣ ልላት ተዘጋጅቻለሁ። ገና ሳትቀመጥ ስልኳን ከፍታ፣ ከወረቀቱ ላይ አንሥታ ያስቀረችውን ፎቶግራፍ በጣቷ ታሰፋ ጀመር።

«እትዬ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ይህ ከቅርንጫፉ ላይ የተንጠለጠለው ምንድን ነው? እዚህም አለ፣ ይኸው እዚያም። ሰው ያሰረው ይመስላል።»

ስልኩን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ሐረግ ነው። የተፈታ፣ ጫፉ ወደ ታች የወረደ፣ ከየዛፉ ላይ። ኤሱማ በዚያ ጥድፊያ ቀፎውን አወረዱ እንጂ የታሰረበትን ሐረግ የሚያነሡበት ጊዜ የት አግኝተው። ጎሬ ጠረጴዛ ላይ ያቺ ወረቀት ተዘርግታ ነበር። ፎቶግራፉን ያነሣው ሰው እጅ ገብታ ነበር። በእኔም እጅ ነበረች። ይህን ሁሉ ዘመን፣ ይሄ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

አለቀስሁ። ልጅቷ ደንግጣ ውሃ ልታመጣ ስትነሣ እጇን ይዤ አስቀመጥኋትና፣ እዚህ የጻፍሁትን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገርኋት። ስትሰማ ምንም አልጻፈችም። ስጨርስ፣ «ታዲያ ይግባ ወይስ አይግባ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ይግባ» አልኋት። «አንደኛ አድርጊው። እንዴት እንደሚያምር ይዩት። ፎቶግራፉን ግን ትልቅ አድርጋችሁ አሳትሙት።»

ከዚያ እርሳሷን ተቀብዬ ወረቀቱን ዘረጋሁት። «የሰው እጅ ያልነካው» የሚለውን ሰረዝሁና ከላዩ ላይ፣ በገዛ እጄ፣ «የቶላ ደን፣ ያዮ» ብዬ ጻፍሁበት።